የዲቪዲ ፊልሞችን የግርጌ ጽሑፍ ለእናቴና ለልጆቼ ያዘጋጀሁበት መንገድ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን፣ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራና በርበሬ በገዛን ቁጥር አብረን ያነሣናቸው ስልሳ ሦስት የአማርኛ ፊልም ዲቪዲዎች ተደርድረው ነበር። ማጫወቻው ከተበላሸ በኋላ ማንም አልነካቸውም። ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ የእናቴ መምጣት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ስትጀምር ጆሮዋ በጣም ደክሞ ነበር፤ የፊልሙን ድምፅ ለእርሷ በሚበቃት መጠን ከፍ ስናደርገው ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፣ ዝቅ ስናደርገው ደግሞ የተዋንያኑን ፊት ብቻ እያየች ትቀመጣለች። ልጆቼ በበኩላቸው የወጥ ቤት አማርኛ ይሰማሉ እንጂ የፊልም አማርኛ፣ በተለይም ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተቀምጠው የሚናገሩት ዓይነት፣ አይገባቸውም። ስለዚህ ለአንድ ፊልም ሁለት የግርጌ ጽሑፍ አስፈለገ፤ አንደኛው ዲስኩ ላይ ያለው እንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው ዲስኩ ላይ የሌለው አማርኛ።

የመጀመሪያውን ፊልም አዘጋጅቼ እስክጨርስ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የባከነው አንድ ቀላል ነገር ባለማወቄ ነው፤ ዲቪዲ ላይ ያለው ሰብታይትል፣ ማለትም የግርጌ ጽሑፉ፣ በፊደል የተጻፈ ሳይሆን ሥዕል ነው። ዲስኩን ያዘጋጀው ሰው ንግግሩን ኮምፒውተር ላይ በፊደል ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ላይ ሲሰፍር ግን እያንዳንዱ ንግግር ትንሽ ምስል ሆኖ ይሣላል። አንዱ ምስል ከአራት ቀለም በላይ አይኖረውም፤ ከአራቱ አንደኛው ብዙውን ጊዜ ከበስተኋላው ያለውን ፊልም አሳልፎ የሚያሳይ ነው፣ የቀሩት ለፊደሉ አካልና ለጠርዙ ይውላሉ። ማጫወቻው ሰዓቱ ሲደርስ ምስሉን ከፊልሙ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ያነሣዋል። አንድ ፊልም እስከ 32 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ የሰብታይትል መስመሮች ሊኖሩት ይችላል። ከዝርዝሩ ላይ እንግሊዝኛን ስትመርጡ ማጫወቻው አንዲት ፊደል አያነብም፤ በእንግሊዝኛ የተሣሉትን ስቲከሮች ከሳጥናቸው እያወጣ ይለጥፋል እንጂ። ከዚህ በታች የማነሣው አብዛኛው ችግር፣ የቀለሙ መበላሸት፣ ስሕተትን ማረም አለመቻሉ፣ የአንዳንድ ቴሌቪዥን አላሳይም ማለት፣ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። የታላላቅ ስቱዲዮዎች ዲቪዲዎች አብዛኞቹ ቅጂን የሚከለክል ቁልፍ አላቸው፤ እዚህ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ፣ ዲስኩን በገንዘባችሁ የገዛችሁት ቢሆንም እንኳ፣ በመርህ ደረጃ ቁልፉን መስበርን ይከለክላል። እኔ የሠራሁባቸው የአማርኛ ፊልሞች ቁልፍ አልነበረባቸውም፣ ቅጂውም ከቤታችን አልወጣም። የፊልም ሠሪዎቻችን ልፋት በሕገወጥ ቅጂ እንዴት እንደተበላ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ያዘጋጃችሁትን ፍላሽ ለዘመድ አዝማድ ከማደል ብትቆጠቡ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የመጣው ዲስኩን ኮምፒውተር ውስጥ ከትቼ ፎልደሩን ስከፍት ነው። ውስጡ ሦስት ዓይነት ፋይሎች አሉ። ቪኦቢ የሚባሉት ትልልቆቹ ፊልሙን፣ ድምፁንና የሰብታይትል ሥዕሎቹን የያዙ ናቸው፤ አንዱ ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ተደርጎ ስለሚቆረጥ አንድ ፊልም በአራትና በአምስት ፋይል ተከፋፍሎ ይገኛል። አይኤፍኦ የሚባሉት በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ቢዩፒ የሚባሉት ደግሞ የእነዚሁ ትንንሾች ግልባጭ ናቸው። እኔም ትልልቆቹን ገልብጬ፣ ትንንሾቹን እንደ ገለባ ቆጥሬ ተውኳቸው፤ ዲስኩንም ወደ መሳቢያው መለስኩት። ማታ ፊልሙን ስከፍት የግርጌው ጽሑፍ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ጠርዙ አረንጓዴ ነበር። የመስመሮቹም ቋንቋ ጠፍቶ "ትራክ 1"፣ "ትራክ 2" ብቻ ይላል። ለካስ ሥዕሎቹ ራሳቸው ቀለማቸውን ይዘው አይዞሩም፤ "የሦስተኛውን ቀለም ተጠቀም" የሚል ቁጥር ብቻ ነው የያዙት፣ የ16ቱ ቀለሞች ሰንጠረዥና የቋንቋዎቹ ስም የሚገኘው ደግሞ እኔ እንደ ገለባ በቆጠርኩት በአይኤፍኦ ፋይል ውስጥ ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። ፋይሎቹን አገጣጥሞ ለመለወጥ የሞከርኩበት መሣሪያ "በዚህ ፊልም ውስጥ ሰብታይትል የለም" አለኝ፤ እኔ ግን በዓይኔ ሮዝ ሆኖ አይቼዋለሁ። ምክንያቱን ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ከአራት ደቂቃ በላይ በሚዘልቅ ሙዚቃና የስም ዝርዝር ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ንግግር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ውስጡ ምን ምን እንዳለ የሚያጣራው የፋይሉን መጀመሪያ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ አይቶ ነው። ረዘም አድርጎ እንዲመረምር ሊታዘዝ ይችላል። ከዚያ ይልቅ የሚቀለው ግን ፎልደሩን ከነትንንሾቹ ማስነበብ ነው፤ አይኤፍኦው መስመሮቹን በስም ስለሚዘረዝራቸው ፍለጋ አያስፈልግም። ዲስኩ ተጭሮ አይኤፍኦው አልነበብ ካለ፣ ተጓዳኙን ቢዩፒ ገልብጣችሁ የስሙን መጨረሻ ወደ አይኤፍኦ ብትለውጡት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እኔ በዚህ ዘዴ ሁለት ዲስክ አድኛለሁ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ዲስኩን በሜክኤምኬቪ እከፍታለሁ፤ ይህ ፕሮግራም ምስሉንም ሆነ ድምፁን ሳይነካ፣ የሰብታይትል ሥዕሎቹን ከነቀለም ሰንጠረዣቸው ይዞ፣ ሁሉንም አንድ የኤምኬቪ ፋይል ውስጥ ያስገባቸዋል። መጠኑ አይቀንስም፤ አራት ጊጋባይት የነበረው አራት ጊጋባይት ሆኖ ይወጣል፣ ያም መሆን ያለበት ነው፣ ምክንያቱም ይህ ፋይል መናኸሪያው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይነሣል። ከሚቀርቡት ርዕሶች ውስጥ ረጅሙ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ፊልም ነው፤ አጫጭሮቹ የአከፋፋዩ ማስታወቂያና የሌሎች ፊልሞች ቅንጫቢ ናቸው። በአንዳንድ ዲስኮቻችን ላይ ግን ፊልሙ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት ተብሎ ተቆርጧል። ሁለቱን የምታገጣጥሙ ከሆነ የሁለተኛው ክፍል ሰዓት ከዜሮ እንደሚጀምር አስታውሱ፤ የግርጌ ጽሑፉን በአንደኛው ክፍል ርዝመት ወደፊት ካልገፋችሁት ሰውየው ገና ሳይሞት ለቅሶው ግርጌ ላይ ይወጣል።

ከዲቪዲ በፊት የነበሩት የቪሲዲ ፊልሞች በዚህ መንገድ አይሠሩም። ቪሲዲ እንደፈለጉ የሚያበሩትና የሚያጠፉት ሰብታይትል ስለሌለው፣ ጽሑፍ ካለው ከምስሉ ጋር አብሮ የተጋገረ ነው፤ የሚወጣ ነገር የለም። አራት ቪሲዲ ነበሩኝ፣ ተውኳቸው።

ቀጣዩ ሥራ ሥዕሉን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ማንበብ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ሥዕሉ ባለበት ኤምኬቪው ውስጥ ቢቀመጥ ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ የፊልም ማጫወቻ ላይ ያለችግር ይታያል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ በዚያ ረክቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ግን አንዲት እናት ለልጇ "ሆድ ይፍጀው" ስትል፣ ግርጌው ላይ "ሆዱ ያቃጥለው" የሚል ትርጉም ያለው እንግሊዝኛ ወጣ፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ "ሴትየዋ ታመመች እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። በዚያው ፊልም ውስጥ አንድ ሰው ለሽማግሌ "እርስዎ" እያለ እየተናገረ በእንግሊዝኛው ግን እንደ ጓደኛው የሚዳፈረው ይመስላል። ይህን ላርም ስል ሥዕል መሆኑ ተገለጠልኝ። ሥዕል አይታረምም፤ ቃሉን ለመለወጥ መጀመሪያ ቃል መሆን አለበት።

ለዚህ የተጠቀምኩት ሰብታይትል ኤዲት የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። ኤምኬቪውን ስትሰጡት ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ፊደሎቹን ለመለየት ይሞክራል፤ አንዱ መንገድ ቴሴራክት በሚባለው የፊደል ማንበቢያ ማስነበብ ነው፣ ሌላው ደግሞ እያንዳንዱን የፊደል ቅርጽ ራሳችሁ እያስተማራችሁት መሄድ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ላይ በየፊደሉ እየቆመ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ያሰለቻል፤ ከሃምሳ ንግግር በኋላ ግን ፊደሉን ሁሉ አውቆት ይጋልባል፣ ያንኑ የፊደል ዓይነት የተጠቀመውን የዚያኑ አከፋፋይ ሌላ ዲስክ ስትሰጡትም ያስተማራችሁትን አይረሳም። የሚያስቸግረው የእንግሊዝኛው ትልቁ አይና ትንሹ ኤል ናቸው፤ በብዙ ዲስኮች ላይ ሁለቱም ያው አንዲት ቀጥ ያለች ዘንግ ስለሆኑ፣ "እኔ" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በኤል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ያዘመመ ፊደልም እርስ በርሱ ስለሚነካካ ሁለቱን እንደ አንድ ያነበዋል። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ማረም ከሁለት ሰዓት በላይ አይወስድም። ከዚያ በኋላ በእጃችሁ ያለው ኤስአርቲ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በእያንዳንዱ ንግግር ላይ ተራ ቁጥር፣ ከሥሩ እንደ 00:04:12,300 ያለ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት፣ ከዚያ ንግግሩ፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። ከኮማው በኋላ ያለው ሚሊሰከንድ ነው።

የአማርኛውን ስጀምር ብልኅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የእንግሊዝኛው ሰዓት ተዘጋጅቶ ስላለ፣ ሰዓቱን አጽም አድርጌ እንግሊዝኛውን እየሰረዝኩ ተዋንያኑ የሚሉትን በአማርኛ መሙላት ብቻ ነው የሚቀረኝ አልኩ። ብዙው በዚያ መንገድ ይሠራል። የማይሠራው ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሲቆረጥ ነው። አንዱ ተዋናይ ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ፣ "በሩን ትናንት ማታ ሳይቆልፍ የሄደው... ወንድምህ ነው" ይላል። እንግሊዝኛው በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ በመጀመሪያው ቁራጭ "ወንድምህ ነበር" ብሎ ምሥጢሩን አውጥቶ፣ በሁለተኛው የበሩን ነገር ይናገራል። እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ይገነባልና አይፈረድበትም፤ እኛ ግን ዋናውን ነገር ለመጨረሻ እናስቀምጣለን፣ ተዋናዩም የሚጫወተው በዚያች መዘግየት ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ሰዓት ልሙላው ብል ወይ "ወንድምህ" የሚለውን ሰውየው አፉን ሳይከፍት ማሳየት፣ ወይ ሁለተኛውን ቁራጭ ባዶ ማስቀረት ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው ቦታ ሁሉ የድምፁን ሞገድ በሰብታይትል ኤዲት ውስጥ ከፍቼ፣ ሰዓቱን በተዋናዩ ትንፋሽ ልክ እንደ አዲስ ቆርጫለሁ። በአንድ ፊልም ውስጥ ከሰማንያ በላይ እንዲህ ያለ ቦታ አጋጥሞኛል።

በዚህ መካከል የደረሰብኝን ኪሳራ ሳልናገር አላልፍም፣ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ በሚመጣው ተራ የጽሑፍ መጻፊያ፣ ሁለት መቶ ያህል ንግግር በአማርኛ ጻፍኩና ልዘጋው ስል አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ። ሳላነበው እሺ አልኩት። በማግስቱ ስከፍተው ሰዓቱ እንዳለ አለ፣ ጽሑፉ ግን ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ፋይሉ የተቀመጠው የላቲን ፊደልን ብቻ በሚያውቅ የድሮ አሠራር ስለነበር የኛን ፊደል የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም፤ ማስጠንቀቂያውም ይህንኑ ይነግረኝ ነበር። እንዲህ የጠፋ ጽሑፍ ተመልሶ አይገኝም። የአማርኛ ኤስአርቲ ሁልጊዜ የኛንም ፊደል በሚያውቀው የአቀማመጥ ዓይነት፣ በዩቲኤፍ ስምንት (UTF-8)፣ መቀመጥ አለበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ነገር ላቲን ፊደሉን በኛ ፊደል መልክ የሚያስጌጥ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ፎንት በሌለበት ቦታ ሁሉ ዝብርቅርቅ ይሆናል። አንድ ዘመዴ ሊያግዘኝ ብሎ አርባ ንግግር በዚያ ዓይነት መጻፊያ ጽፎ ላከልኝ፤ አመስግኜ እንደገና ጻፍኩት።

እናቴ ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ታነባለች፣ ግን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቃል በቃል ነው። የመጀመሪያውን ፊልም በአማርኛ ጽሑፍ ስናሳያት አሥር ደቂቃ ያህል አይታ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሳልጨርሰው እየሸሸ ነው" አለችኝ። ፕሮግራሙ ግን አንድም ቦታ ላይ ፈጥኗል ብሎ አላስጠነቀቀኝም ነበር። ነገሩ ሲጤን ግልጽ ነው፤ በሰከንድ ስንት ፊደል ይነበባል የሚለው የፕሮግራሙ ስሌት የተቀመረው ለላቲን ጽሑፍ ነው። ሰላም ለማለት እኛ ሦስት ፊደል ይበቃናል፣ በላቲን ሲጻፍ አምስት ይሆናል፤ ስለዚህ የኛ ጽሑፍ በቁጥር ሲታይ ቀላል ይመስላል እንጂ የሚሸከመው ቃል ያው ነው። እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ስሞክር፣ በሰከንድ ከሰባት ፊደል ሲያልፍ እንደማትደርስበት አየሁ፤ በፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ ጣሪያውን ወደዚያው አወረድኩት። አንድ መቶ ሰባ ንግግሮች ቀይ ሆኑ። እነርሱን ማሳጠር ነበረብኝ። መጀመሪያ የወደቁት "እንግዲህ"፣ "እኮ"፣ "ለማለት የፈለግኩት" የሚሉት ናቸው፤ ቀጥሎ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር በቃል የሚደግም ንግግር። ስድብን ግን አላሳጠርኩም፣ እናቴ የምትስቀው እዚያ ላይ ነው።

ለማይሰማ ሰው መጻፍ ለማይገባው ሰው ከመጻፍ እንደሚለይም የተማርኩት ከእርሷ ነው። ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ሲያነቡ ድምፁን ስለሚሰሙ የሚናገረው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። እናቴ ግን ካሜራው በሚያዳምጠው ሰው ፊት ላይ ሲቆም "ይሄ ማነው የሚናገረው?" ትላለች። ስለዚህ ተናጋሪው በማይታይበት ቦታ ሁሉ ስሙን ከንግግሩ በፊት አስገባሁ፤ ታሪኩን የሚነካ ድምፅ ሲኖርም፣ "በር ይንኳኳል"፣ "ስልክ ይጠራል"፣ "ከሩቅ ለቅሶ ይሰማል" እያልኩ በቅንፍ አስቀመጥኩ። ከሩቅ የሚሰማው ለቅሶ ባይጻፍላት ኖሮ፣ ሰውየው ከወንበሩ ለምን እንደ ተነሣ ሳታውቅ ትቀር ነበር።

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ስንሄድ ሌላ መከራ ተጀመረ። ኤምኬቪውን በፍላሽ ስንሰካለት ፊልሙን ያጫውታል፣ የሰብታይትል ሥዕሎቹን ግን ጨርሶ እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ኤስአርቲውን ከፊልሙ ጋር አንድ ስም ሰጥቼ አጠገቡ ሳስቀምጥለት እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጎ አሳየ፤ አማርኛውን ስመርጥ ግን ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሣጥኖች ተደረደሩ። ፋይሉ ተበላሽቶ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ፊደሉን ለመሣል የራሱን ፎንት ይጠቀማል፣ የራሱ ፎንት ውስጥ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለም፤ ፎንት የሚጫንበት በርም የለውም። የቀረው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ የኛ ፊደል ያለውን ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት፣ ወይ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር መጋገር።

ለመጋገር ሃንድብሬክ የሚባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም በቂ ነው። ኤስአርቲውን በሰብታይትል ገጹ ላይ አስገብታችሁ፣ አብሮ እንዲታተም የሚያዝዘውን ሣጥን ምልክት ታደርጋላችሁ፤ መጋገር የሚቻለው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ከተጋገረ በኋላም አይነሣም። የመጀመሪያው ውጤቴ አላስደሰተኝም። በላፕቶፕ ላይ የሚያምረው ቀጭን ጭረት ያለው ፎንት፣ ምስሉ 720 በ480 ነጥብ ብቻ በሆነው ዲቪዲ ላይ ሲታተም ጭረቱ ይጠፋል። በላቲን ፊደል ይህ ብዙ አይጎዳም፤ በእኛ ግን ተ እና ቸ፣ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች አንዲት ጭረት ስለሆነ፣ ጭረቷ ስትጠፋ ቃሉ ይለወጣል። እናቴ "መቼ" የሚለውን "መቴ" ብላ አንብባ ስሙን ማን አወጣለት ብላ ጠይቃኛለች። ስለዚህ ኤስአርቲውን በሰብታይትል ኤዲት ወደ ኤኤስኤስ ለወጥኩት፤ ይህ ዓይነቱ ፋይል የፎንቱን ስም፣ መጠንና የጠርዙን ውፍረት አብሮ ይይዛል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት በደማቁ፣ ከተለመደው ከፍ ባለ መጠን፣ በጥቁር ጠርዝ ስጠቀም ከሶፋው ላይ ያለ መነጽር የሚነበብ ሆነ። አቢሲኒካ በጣም የምወደው ፊደል ነው፤ ለመጽሐፍ ይሁን።

ላፕቶፑ በሚገናኝበት ጊዜ ግን መጋገር አያስፈልግም። ኤምኬቪቱልኒክስ በሚባለው ፕሮግራም መናኸሪያ ፋይሉን ከፍቼ፣ የተስተካከለውን እንግሊዝኛና አማርኛውን ኤኤስኤስ እጨምርበታለሁ፤ የእያንዳንዱን ቋንቋ ከዝርዝሩ እመርጥለታለሁ፣ አማርኛም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። አማርኛውን ሳይጠየቅ የሚከፈት አደርገዋለሁ። የፎንት ፋይሉንም እዚያው አያይዘዋለሁ፣ ኤምኬቪ ይህን ስለሚፈቅድ፤ እንዲህ ሲሆን የግዕዝ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ላይም ፊደሉ አይጠፋም። በቪኤልሲ ላይ ቪ ፊደልን መጫን ከአንዱ ሰብታይትል ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ጽሑፉ ከድምፁ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ካለ ጂ እና ኤች ፊደሎች በአንድ ጭነት 50 ሚሊሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱታል።

ይህ መገፋት የማይጠቅምበት አንድ ሁኔታ አለ። ጀርመን የሚኖር ጓደኛዬ ለሌላ ፊልም ከሰው ያገኘው የግርጌ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ እየገጠመ መጨረሻው ላይ በደቂቃዎች እንደሚዘገይ ነግሮኝ ነበር። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው፤ ለአውሮፓ ዲቪዲ ሲዘጋጅ ብዙውን ጊዜ በ25 ፍጥነት ስለሚነዳ የሁለት ሰዓቱ ፊልም ወደ 115 ደቂቃ ያጥራል። ከአሜሪካው ዲስክ የወጣ ጽሑፍ በአውሮፓው ላይ ሲደረግ ልዩነቱ እያደገ ይሄዳል። ለመለየት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር ብቻ አወዳድሩ፤ ልዩነቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ከሆነ ግፉት፣ መጨረሻው ላይ ከሰፋ ግን በሰብታይትል ኤዲት ውስጥ የምስል ፍጥነቱን ከ23.976 (የአሜሪካ ዲስክ ፍጥነት ከ24 ጥቂት ያንሳል) ወደ 25 ለውጡት። በእኔ የአማርኛ ዲስኮች ላይ ይህ አላጋጠመኝም፣ ጽሑፉን ያወጣሁት ከዚያው ከዲስኩ ስለነበር።

የመጀመሪያውን ፊልም ጨርሼ ለፍላሽ ጋግሬ ባሳየኋት ማታ፣ እናቴ መሐል ላይ "ሰውየው 'ልጄን አደራ' አላለም፤ 'ልጆቼን' ነው ያለው፣ አፉን አየሁት" አለችኝ። እኔ በጆሮ ማዳመጫ ሦስት ጊዜ ሰምቼ የጻፍኩት ነበር። አራተኛ ጊዜ ሰማሁት፤ ልጆቼን ነው ያለው። ኤስአርቲው ላይ ማረም ግማሽ ደቂቃ ወሰደ፣ ኤምኬቪው ውስጥ መተካት ሌላ ሁለት ደቂቃ። ለፍላሹ ግን ላፕቶፑ እንደገና ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲነፋ አመሸ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፊልም በመጀመሪያ ከላፕቶፑ በገመድ እናየዋለን፤ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ያየችውን ስሕተት ወረቀት ላይ እመዘግባለሁ፣ እርሷ አልፏል ያለችውን ብቻ እጋግራለሁ። ከስልሳ ሦስቱ ዲስኮች እስካሁን ያለፉት አሥራ አንድ ናቸው።